የሚቀነስ ደሞዝ እንኳ የሌላቸው

በኮሮናው ዓመት የእግር ኳስ ተጫዋቾች ደሞዝ ተቀነሰ ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። የቴኒስ ተጫዋች ግን የሚቀነስ ደሞዝ እንኳ አልነበረውም። ከዚያ ዓመት የቴኒስ ታሪክ ሁሉ እስከ ዛሬ ከልቤ ያልወጣው ይኸኛው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቴኒስ ተጫዋች ወር በወር የሚከፍለው ቀጣሪ የለውም። የአውሮፕላን ትኬት፣ ሆቴል፣ የአሰልጣኝ ክፍያ ከራሱ ኪስ ነው የሚወጣው። ገቢው ደግሞ ያኔ ውድድር ገብቶ እስከ ስንተኛው ዙር እንደዘለቀ ታይቶ ይወሰን ነበር። ከዓለም 200ኛ ወይም 250ኛ የሆነ ተጫዋች ሳምንት ከሳምንት ይለፋ የነበረው ወጪውን ለመሸፈን ነበር።

እ.ኤ.አ. ማርች 12 ቀን 2020 የወንዶች ቴኒስን የሚመራው ማኅበር ኤቲፒ ውድድሩን አቆመ። ዋናው ውድድር እስከ ኦገስት 22 አልተመለሰም። አምስት ወር ያለ ገቢ ማለት ነው።

በዚህ መሀል ዊምብልደን ያደረገውን ማመስገን እወዳለሁ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሰረዝም ወረርሽኝን የሚሸፍን ኢንሹራንስ ነበረው። ስለዚህ በደረጃቸው ይገቡ ለነበሩ 620 ወንድና ሴት ተጫዋቾች 10 ሚሊዮን ፓውንድ ግድም አከፋፈለ። በማጣሪያው ይጫወቱ ለነበሩት 224ቱ እንኳ ለእያንዳንዳቸው 12,500 ፓውንድ ደረሳቸው።

ጆኮቪች፣ ፌደረርና ናዳል ደግሞ በደረጃ ከላይ ያሉት አዋጥተው ከታች ያሉትን እንዲረዱ ሐሳብ አቀረቡ። ኦስትሪያዊው ዶሚኒክ ቲም በይፋ አልሰጥም አለ፤ ከእነሱ የባሰ ችግር ላይ ያለ ሰው አለ፣ ከእነሱም ሁሉን ነገር ለስፖርቱ የማይሰጡ አሉ የሚል ነበር ምክንያቱ። ተሳስቷል ብዬ አምናለሁ። የባሰ ችግረኛ መኖሩ እውነት ነው፤ ግን የቴኒስ አናት የሚቆመው በእነዚያ ዝቅ ያሉ ደረጃዎች ላይ ነው። ቲምም ሆነ ሌላው ያደገው እነሱን እያሸነፈ ነው።

ከዚያ ዩኤስ ኦፕን ያለ ተመልካች ተጀመረ። የነጠላ ማጣሪያው ግን ተሰረዘ። በወንዶች በኩል ብቻ 128 ቦታ ጠፋ። በዋናው ውድድር በመጀመሪያው ዙር የተሸነፈ ሰው 61,000 ዶላር ሲያገኝ፣ ከማጣሪያ ተነሥቶ እዚያ የመድረስ ዕድሉ ለእነዚያ ሰዎች ተዘጋ።

ፍጻሜው ላይ ቲም ሁለት ሴት (የጨዋታ ክፍል) ተመርቶ፣ ተጋጣሚውን ዝቬሬቭን በአምስተኛው ሴት በታይ ብሬክ አሸነፈ። ድንቅ ጨዋታ ነበር፤ ቆሜ ነው ያየሁት። ሽልማቱ 3 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከ23,000 በላይ ሰው የሚይዘው የአርተር አሽ ስታዲየም ወንበር ግን ባዶውን ነበር፤ ማጣሪያ ይጫወቱ የነበሩትም ያን ፍጻሜ እንደ እኔ በቴሌቪዥን ነው ያዩት።