አምበሉ ያልመራው ቡድን

ጅማ ውስጥ፣ በጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ሜዳም ሆነ በዩኒቨርሲቲው ግቢ የዲፓርትመንት ጨዋታ ላይ፣ ጎል ሲቆጠር ዓይናችሁን ከኳሷ አንሱና ሰዎቹን ተመልከቱ። አምበሉ እጁን ዘርግቶ ከዳኛው ጋር ይከራከራል። በረኛው ተከላካዮቹ ላይ ይጮኻል። በዚህ መሀል አንዱ፣ ብዙ ጊዜ ደጋፊው ስሙን እንኳ የማይጠራው ልጅ፣ ኳሷን ከመረብ አውጥቶ በብብቱ ሸጉጦ ወደ መሀል ይሮጣል፤ ሲያልፍም ጎሉ በእሱ ስህተት የገባበትን ተከላካይ ጀርባውን መታ መታ ያደርገዋል። ጨዋታው ሲቀጥል ተጫዋቾቹ ሲጨንቃቸው ቀና ብለው የሚያዩት ይህንን ልጅ ነው። ክንዱ ላይ ግን የአምበልነት አርማ የለም።

የቤልጂየሙ ሉቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ካትሪን ፍራንሰንና ባልደረቦቻቸው ነገሩን በቁጥር ለክተውታል። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው ጥናታቸው በፍላንደርስ ግዛት በዘጠኝ የቡድን ስፖርቶች የተሰማሩ 4,451 ተጫዋቾችንና አሰልጣኞችን ጠየቁ። «መሪያችሁ ማን ነው?» ብለው በደፈናው አላለፉትም፤ መሪነትን በአራት ሥራ ከፈሉት። ሜዳ ውስጥ ታክቲክ የሚያስተካክለው ማን ነው? ሞራል የሚያነሳውስ? ከሜዳ ውጭ ልጆቹን የሚያቀራርበውስ? ከኃላፊዎችና ከጋዜጠኞች ጋር በቡድኑ ስም የሚነጋገረውስ? አምበሉ በአራቱም አንደኛ ነው ያሉት 1 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኑ። 44 በመቶ የሚጠጉት ደግሞ አምበላቸው ከአራቱ በአንዱም አንደኛ እንዳልሆነ ተናገሩ።

ታዲያ አርማው መሪ ካላደረገ፣ ሰውን የሚያስከትለው ግርማ ሞገስ የምንለው ነገር የት ነው ያለው? ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ሊቅ ማክስ ቬበር ከመቶ ዓመት በፊት ጉዳዩን ሲያነሳ፣ ለአንዳንድ ሰው የተሰጠ ልዩ ጸጋ አድርጎ ገልጾታል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ሌላው ነጥቡ ነው፦ ተከታዮቹ ካላወቁለት ጸጋው ዋጋ የለውም። የኋላ ተመራማሪዎች የያዙት ይህንን ጫፍ ነው። አሜሪካዊው ጄምስ ማይንድል እ.ኤ.አ. በ1985 እንዳሳዩት፣ ሰዎች ውጤት ሲያምርም ሆነ ሲበላሽ ምክንያቱን ከመሪው ላይ መፈለግ ይቀናቸዋል። ቡድን ሲያሸንፍ መሪው ግርማ ሞገስ ያለው ይመስላል፤ ሲሸነፍ ያው ሰው፣ በዚያው ድምፁና በዚያው ቁመናው፣ ተራ ሰው ይሆናል።

የጅማ ሰው ይህንን ለማመን ቤተ ሙከራ አያስፈልገውም። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን በተቀላቀለበት በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫውን አነሳ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከሊጉ ወረደ። በዚያ የድል ዓመት «ቆራጥነት» የተባለው ሁሉ በመውረጃው ዓመት ምን ስም እንደወጣለት ቡና ቤት ቁጭ ብሎ ያዳመጠ ያውቀዋል።

ይሁንና ውጤት ብቻውን ሁሉን አይገልጽም። አሌክስ ሃስላምን የመሳሰሉ የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ደጋግመው ያገኙት ነገር አለ፦ ሰው የሚከተለው ከቡድኑ የተለየውን ሳይሆን «እኛ»ን ከሁሉ አብልጦ የሚመስለውንና ለ«እኛ» የሚሠራውን ነው። እዚህ ላይ የእኛ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ከአውሮፓ ክለብ የበለጠ ከባድ ፈተና ያቀርባሉ። ተማሪው ከአራቱም ማዕዘን ተመድቦ ይመጣል። አንዱ ከጎጃም፣ አንዱ ከወለጋ፣ አንዱ ከሲዳማ ሆኖ በአንድ ማሊያ ይሰለፋል፤ ሲኒየሮቹ ሲመረቁ ደግሞ ቡድኑ እንደገና «ሀ» ብሎ ይጀምራል። ፍሬሹን ስሙን አጥርቶ የሚጠራ፣ በየቋንቋው «አይዞህ» ማለት የሚችል፣ ካፌ ሰልፍ ላይ ብቻውን የቆመውን የሚጠራ ልጅ፣ በኳስ ችሎታው ሦስተኛ ቢሆን እንኳ ቡድኑን ይዞ ይሄዳል።

ከጅማ የበቀለ ትልቅ ምሳሌም አለን። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ እ.ኤ.አ. በ1921 ጅማ ተወለዱ፤ አዲስ አበባ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ገና በወጣትነታቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተሰለፉ። በኋላ ብሔራዊ ቡድኑን አሠለጠኑ፤ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በ1987 እስካረፉበት ጊዜ ድረስም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መሩ። እኔን የሚገርመኝ ግን ሹመታቸው ሳይሆን በጥር 1954 ዓ.ም. ከአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ በፊት የሆነው ነው። የብሔራዊ ቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣሊያናዊ ነበር። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የሚቀበለው ሌላ ሰው ይሁን የሚል ግፊት መጥቶ ይድነቃቸው እምቢ እንዳሉ ይተረካል። ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 ስታሸንፍ፣ 2 ለ 1 እየተመራች ሳለ በ84ኛው ደቂቃ አቻ ያደረጋት ራሱ ቫሳሎ ነው። «እኛ» ውስጥ ማን እንደሚገባ መወሰን የመሪ ዋነኛ ሥራ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የሥነ ልቦና መጽሐፍ አላየሁም።

ግርማ ሞገስን የሚያጎላው ንግግርስ? እሱ በትምህርት ይገኛል። የሎዛን ዩኒቨርሲቲው ጆን አንቶናኪስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት መካከለኛ የሥራ ኃላፊዎችን በምሳሌ መናገርን፣ ታሪክ መተረክን፣ መልስ የማይሻ ጥያቄ መወርወርን፣ ድምፅንና እጅን ከሐሳብ ጋር ማስተባበርን አሠለጠኑ። ከሦስት ወር በኋላ የሥራ ባልደረቦቻቸው ከበፊቱ የተሻለ ግርማ ሞገስ አዩባቸው። (ሽማግሌዎቻችን በተረትና ምሳሌ ሲያስታርቁ የኖሩት የሎዛንን ፈቃድ ሳይጠብቁ ነው።) ከንግግሩ ሌላ የመሪ ፍርሃትም እንደ ድፍረቱ ይጋባል፦ የነፍራንሰን ሌላ ሙከራ እንዳሳየው፣ መሪ ተብሎ የተሰየመው ልጅ በቡድኑ እንደሚተማመን ሲያሳይ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾቹ የበለጠ በቡድናቸው ተማመኑ፤ ተስፋ መቁረጥ ሲያሳይ ደግሞ የእነሱም መተማመን ቀነሰ።

እውነተኛ መሪዎቹን ለማግኘት ለአሰልጣኝ የሚጠቅመው መንገድ ቀላል ነው። ከልምምድ በፊት ለየተጫዋቹ ወረቀት ይታደልና እያንዳንዱ የነፍራንሰንን አራት ጥያቄዎች ሌላው ሳያይ ይመልሳል። ከዚያ ከመራጩ ወደ ተመራጩ ቀስት ይሰመራል። ቀስቶቹ የሚከማቹባቸው ስሞች አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ በላይ ናቸው፤ አንዳንዴም ከመካከላቸው አንዱ ተቀያሪ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ነው።