የአሥር ሴንቲ ሜትር ሌንስ ዋጋ

የጃፓኑ ታካሃሺ የሚሠራው ኤፍሲ-100 ቴሌስኮፕ የፊት ሌንሱ 10 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። አሜሪካ ውስጥ ቱቦው ብቻ፣ መቆሚያም የዓይን ሌንስም ሳይጨመር፣ ከ2 ሺህ 500 ዶላር በላይ ያወጣል። የዚያው ስፋት ተራ የሌንስ ቴሌስኮፕ በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛል። ሁለቱም የሚሰበስቡት ብርሃን እኩል ነው፤ ሁለቱም የሳተርንን ቀለበት ያሳያሉ። ታዲያ ያ ሁሉ ገንዘብ የሚከፈለው ለምኑ ነው?

ለቀለም ነው። ሌንስ ብርሃንን ሲያጥፍ ሁሉንም ቀለም እኩል አያጥፍም፤ ሰማያዊው ከቀዩ አብልጦ ስለሚታጠፍ ለሌንሱ ቀርቦ ይሰበሰባል። አንዱን ቀለም ሲያጠሩት ሌላው ይደበዝዛል፤ በርካሽ ቴሌስኮፕ ጨረቃን ወይም ቬነስን ያየ ሰው ጠርዟ ላይ ሐምራዊ ፍካት የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተገኘው ዘዴ ቴሌስኮፑን ማስረዘም ነበር። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ሄቬሊዩስ ዳንዚግ በተባለችው ከተማ ውስጥ 45 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ከምሰሶ ላይ በገመድ የተንጠለጠለ፣ ነፋስ ሽው ባለ ቁጥር የሚወዛወዝ ጉድ አቆመ። ኒውተን ደግሞ በሽታው መድኃኒት የለውም ብሎ በመስተዋት የሚሠራ ቴሌስኮፕ ወደ መሥራት ዞረ።

መድኃኒቱ ግን ነበረ። የለንደኑ ጆን ዶሎንድ በ1758 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የባለቤትነት መብት ያወጣበት ሌንስ ክራውን እና ፍሊንት የተባሉ ሁለት ብርጭቆዎችን አጣምሮ የአንዱን ጥፋት በሌላው ያርማል። አክሮማት ይባላል። ሁለት ቀለሞችን አንድ ቦታ ያገናኛል፤ ሐምራዊው ግን ያመልጠዋል። የዛሬው ርካሽ ቴሌስኮፕ በመሠረቱ ይኸው ነው።

ሦስተኛውን ቀለም ለማስገባት እንግዳ ጠባይ ያለው ቁስ ያስፈልጋል፤ ፍሎራይት የተባለው ማዕድን። ጀርመናዊው ኤርንስት አቤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለማይክሮስኮፕ ሌንስ ተጠቅሞበታል። ለቴሌስኮፕ የሚበቃ ትልቅና ጥሩ የተፈጥሮ ፍሎራይት ግን ብርቅ ነበር፤ በ1960ዎቹ ካኖን ክሪስታሉን በፋብሪካ ማሳደግ እስኪችል ድረስ። ዱቄቱ አየር በሌለው ምድጃ ቀልጦ እጅግ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። ክሪስታሉ ቶሎ ይጫራል፤ ድንገተኛ ሙቀት ወይም ብርድ ይሰነጥቀዋል፤ ማለስለሱ ትዕግሥት ይጠይቃል። የታካሃሺው ሌንስ ውድነት እዚህ ይጀምራል። ቀሪው ለፍተሻ የሚከፈል ነው፤ ታዋቂዎቹ አምራቾች የሚሸጡት ከምንም በላይ እርግጠኝነትን ነው። የአሜሪካው አስትሮ-ፊዚክስ ደንበኞች ዓመታት ወረፋ ይጠብቁ ነበር፤ አንዳንዱ ያገለገለ ቱቦ ከአዲሱ ዋጋ በላይ ተሽጧል።

ነገሩን ያወሳሰበው ኦሃራ የተባለ የጃፓን ኩባንያ የሚያወጣው ኤፍፒኤል-53 ብርጭቆ ነው። ጠባዩ ለፍሎራይት እጅግ የቀረበ ነው። የቻይና ፋብሪካዎች ይህን ብርጭቆ ይዘው ገበያው ውስጥ ሲገቡ በሺህ ዶላር ገደማ ቀለሙ የተገራ 10 ሴንቲ ሜትር ሌንስ መግዛት ተቻለ። ከአክሮማት ወደዚህኛው የሚደረገው እርምጃ ትልቅ ነው፤ ማንም ሰው በመጀመሪያው ምሽት ያየዋል። ከዚህኛው ወደ ታካሃሺ ያለው ግን ሌሊቱ ሲረጋ፣ የለመደ ዓይን ብቻ የሚለየው ነው።

ገንዘብ የማይገዛው ነገርም አለ። 10 ሴንቲ ሜትር ሌንስ፣ ማንም ይሥራው፣ ከ1.16 የቅስት ሰከንድ በታች የተቀራረቡ ሁለት እኩል ከዋክብትን ለይቶ ማሳየት አይሆንለትም። በጥቂት መቶ ዶላር የሚሸጥ 20 ሴንቲ ሜትር የመስተዋት ቴሌስኮፕ አራት እጥፍ ብርሃን ይሰበስባል፤ በሌንሱ በአብዛኛው ጭጋግ መስሎ የሚታየው ኦሜጋ ሴንታውሪ የተባለው የከዋክብት ክምችት በእሱ ብትንትን ብሎ ብዙ ከዋክብቱ ይለያሉ። እርግጥ መስተዋቱ ማስተካከልና ማቀዝቀዝ ይፈልጋል፤ ሌንሱ ከሻንጣ ወጥቶ ወዲያው ያያል። ስፋት ለሚሹ ግን ሌንስ መንገዱ አይደለም። በጠርዙ ብቻ ስለሚያዝ በራሱ ክብደት ይጎብጣል፤ በ1897 የተመረቀውን 102 ሴንቲ ሜትር የየርክስ ቴሌስኮፕ በስፋት የበለጠ የሌንስ ቴሌስኮፕ ለምርምር አልዋለም። የእንጦጦዎቹ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖችም በመስተዋት የሚሠሩ ናቸው።

እንግዲህ ውዱን ሌንስ ማን ይግዛው? ፎቶ አንሺው። ዓይን ችላ የሚለውን ሐምራዊ ብርሃን ካሜራ አይምርም፤ ብዙ ደቂቃ ሲያጠራቅም ኮከቡን ያሳብጠዋል። ባለ ሦስት ሌንስ ቱቦ፣ ካሜራ ተሸክሞ የማይዘም የትኩረት ማስተካከያ፣ እስከ ፎቶው ጥግ ነጥብ ሆኖ የሚቀር ኮከብ፤ ለእነዚህ ውዱ ዋጋ ተገቢ ነው። በዓይኑ ብቻ ለሚያይ ሰው ግን የሺህ ዶላሩ ሌንስ ይበቃዋል ባይ ነኝ። የተረፈው ገንዘብ ጠንካራ መቆሚያ ይግዛበት፤ 150 ጊዜ ባጎላ ቴሌስኮፕ ውስጥ ቱቦው በተነካ ቁጥር ጁፒተር የምትዘል ከሆነ ፍሎራይቱም አያድናትም።