መዝገብ ያላገኘው የመርካቶ ድምፅ

በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ አገሪቱ ከግራኝ አሕመድ ጦርነት ገና በማገገም ላይ ሳለች፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት፣ ከቅዱስ ያሬድ ጀምሮ ሺህ ዓመት ያህል ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ ሲተላለፍ ለኖረው ጸዋትወ ዜማ፣ ከንባቡ በላይ የሚጻፈውን ምልክት ሠሩለት። ድምፅን ለሚመጣው ትውልድ ማስቀመጥ እንግዲህ ለአገራችን እንግዳ ሥራ አይደለም። ነገር ግን እስከ ዛሬ በብርቱ የተጠነቀቅንለት የመቅደሱ፣ የቤተ መንግሥቱና የመድረኩ ድምፅ ነው፤ ሕዝብ እንጀራውን የሚያገኝበት የገበያው ድምፅ፣ ያውም የመርካቶን ያህል ገበያ ድምፅ፣ እንዲህ ያለ ጠባቂ አላገኘም።

የቤተ መንግሥቱ ነገር የታወቀ ነው። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1890 ዓ.ም. በፎኖግራፍ ያስቀረጸችው ሰላምታ ለዐፄ ምኒልክ ሲላክ፣ ድምፁ ያረፈበት ሰም ከተሰማ በኋላ እንዲሰበር ታዝዞ ነበር፤ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በዚያው መሣሪያ የሰጡት መልስ ግን ተርፎ ዛሬም ይሰማል። ከዚያም አዝማሪ ተሰማ እሸቴ በ1900ዎቹ መጀመሪያ በርሊን ላይ ሸክላ አስቀረጸ፤ አምሃ እሸቴም በ1961 ዓ.ም. ገደማ የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ አቋቋመ። ለእነዚህ ሁሉ ምስጋና ይገባቸዋል። ሆኖም ተሰማ ከመሰንቆው ጋር ሲሰማ፣ በዚያው ዘመን በአራዳ ገበያ ማር በገንቦ ያወረደው ነጋዴ፣ አሞሌ የሚመነዝረው፣ በቅሎ የሚያሻሽጠው ደላላ ምን ብሎ እንደ ተጣራ የሚያሰማን የለም። የአራዳን መልክ ከፎቶግራፍ እናያለን፤ ሰዎቹ አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል፤ ቃላቸው ግን የለም። በጣሊያን ወረራ ዘመን ያ ገበያ ከቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ሲወሰድና ዛሬ መርካቶ የምንለው ሲቆም፣ ድምፁን ማንም አላስከተለውም።

አሁን ተራው የመርካቶ የራሱ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ የተነሣው እሳት የብዙ ሰው ሀብት ሲበላ ሁላችንም አዝነናል፤ በየጊዜውም አሮጌው የቆርቆሮና የጭቃ ሱቅ እየፈረሰ በፎቅ ይተካል። ንጹሕና ከእሳት የሚጠበቅ ሱቅ ለነጋዴው እንደሚገባው አልጠራጠርም፤ ሕንጻው አይሠራ የሚል ሰው ቢኖር እኔ ከእርሱ ጋር አይደለሁም። የምለው፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በጠባብ መተላለፊያ የሚያስተጋባ ድምፅ ወደ ሲሚንቶ ግድግዳ ሲገባ ያው ድምፅ ሆኖ ስለማይቀር፣ ከመፍረሱ በፊት ይቀዳ ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን አሮጌ ብረት አዲስ ዕቃ የሚሆንበት የመርካቶው ምን አለሽ ተራ ነው። በዚያ አንድ አሮጌ በርሜል ወደ ከሰል ምድጃ ሲለወጥ አጠገቡ ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሰው፣ ዐይኑን ቢጨፍን እንኳ ሥራውን በጆሮው ሊከተለው ይችላል፤ አስቀድሞ መሮው ክዳኑን ዙሪያውን ሲቆርጥ ባዶው በርሜል እንደ ከበሮ ያጓራል፤ ቀጥሎ ቆርቆሮው ተተርትሮ በብረት ላይ ሲደቀደቅ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ይበተናል፣ ጎረቤት ካለው መዶሻ ጋርም ይደባለቃል፤ ጠርዙ ታጥፎ ከጠርዝ ጋር ሲያያዝ ግን ምቱ አጭርና ደረቅ ይሆንና፣ መጋጠሚያው ካልጠበቀ መንቀጥቀጡ ወዲያው ያሳብቃል። ይህ ጫጫታ ብቻ አይደለም፤ ወጣቱ ከአረጋዊው ጎን ተቀምጦ የሚቀበለው ያልተጻፈ ትምህርት ነው።

ያ ብረት ደግሞ ብቻውን አልመጣም። በየሰፈሩ ማዳበሪያውን በትከሻው አንግቦ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ሰው ከየጓሮው ለቅሞ ያመጣውን ነው የምን አለሽ ተራ መዶሻ የሚቀበለው፤ ስለዚህ የአንዱን ጥሪ ያለ ሌላው ምት መቅዳት ታሪኩን ከወገቡ መቁረጥ ይሆናል። «መንገድ! መንገድ!» የሚለው ተሸካሚ፣ በአውቶቡስ ተራ የክፍለ ሀገሩን ከተማ ስም እየደጋገመ መንገደኛ የሚሰበስበው፣ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ደወልና የአንዋር መስጊድ አዛን በአንድ አየር ላይ የሚገናኙበት ሰዓት፣ ሁሉም እንዲሁ ሊቀዱ የሚገባቸው ናቸው። አንዳንዱ ሻጭ አሁን ዋጋውን አንድ ጊዜ ቀድቶ ቀኑን ሙሉ በድምፅ ማጉያ ያስደጋግመዋል፤ ይህም የዘመናችን ድምፅ ነውና ይቀዳ፤ ግን ገዢውን እያየ ቃሉን የሚለዋውጠው፣ የሚለማመጠው፣ የሚመርቀው የቀድሞው ጥሪ በእርሱ እየተተካ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ሌሎች ይህን አስቀድመው ሠርተውታል። በካናዳ ሬይመንድ መሪ ሼፈር ከባልደረቦቹ ጋር የቫንኩቨርን ከተማ ድምፅ ቀድቶ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1973 አሳተመ፤ የጃፓን መንግሥትም በ1996 ሊጠበቁ የሚገባቸውን መቶ የአገሩን የድምፅ ሥፍራዎች መርጦ አስታወቀ። ለእኛ ሥራውን የሚያሳድር ቤት አይጠፋም፤ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ወመዘክር አለ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። የእጅ ስልክ የያዘ ሁሉ መቅጃ ይዟል፤ የሚጎድለው ሥርዓት ነው። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ተራው፣ የዕቃው ስምና የሥራው ደረጃ ያልተጻፈበት ድምፅ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ለሚሰማው ሰው ባዶ ኳኳታ ነው።

ከሁሉ በፊት የሚቀዳው ሰው ፈቃድ ይጠየቅ፤ ስሙ እንዲጻፍ ከወደደ እንደ ደራሲ ስም በመዝገቡ ራስ ላይ ይጻፍ፤ ምቱን ደረጃ በደረጃ ለማስቀዳት ሥራውን ላቆመበት ጊዜም የቀን ገቢው ይታሰብለት።