የስልክ ቁጥርና ሲም ካርድ



የስልክ ቁጥር በሲም ካርዱ ላይ ተጽፎ የሚኖር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሲም ካርድ የሚይዘው የደንበኛውን መለያና ምስጢራዊ ቁልፍ ሲሆን፥ ቁጥሩን ከዚሁ መለያ ጋር የሚያገናኘው የስልክ ድርጅቱ መዝገብ ነው። ስለዚህ መዝገቡ ሲታረም፥ ካርዱ ቢለወጥም ቁጥሩ ከነባለቤቱ ወደ ሌላ ድርጅት ሊዛወር ይችላል።

ለምሳሌ በእንግሊዝ አገር ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደንበኛው «ፒ፥ ኤ፥ ሲ» የተባሉትን ሦስት የላቲን ፊደላት ወደ 65075 በነፃ ሲልክ፥ ለ30 ቀን የሚያገለግል የዝውውር ኮድ ይደርሰዋል። ይህንኑ ለአዲሱ ድርጅት ሲሰጥ ዝውውሩ በአንድ የሥራ ቀን ይፈጸማል፤ የቀድሞውም ውል በዚያው ይዘጋል።

እንግዲህ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ አስቀድሞ ውሉን በገዛ እጅ መሰረዝ አይገባም። ቁጥሩ የጠፋበት ሰው ባንክ የሚልክለትን የማረጋገጫ መልእክት ጭምር ያጣልና።