ከአዲስ አበባ ወደ መልካ ወረር የወረደች ቮልስ፦ ሞተሯን ሳይቀይሩ ጉልበት መጨመር ይቻላል?

ሰሞኑን ከመልካ ወረር አንድ ተከታታያችን በኢንቦክስ ጥያቄ ልኮልናል። የአባቱን ቮልስ ከአዲስ አበባ አውርዶ እዚያው እየነዳት ነው። ሞተሯ የፋብሪካው 1600 ነው። "87 ሚሊ ሜትር ፒስተንና ሲሊንደር ላስገባላት ነው፣ ጉልበት ይጨምራል ብለውኛል፣ ልክ ነው?" ይላል። ብሩን አጠራቅሞ ጨርሷል። ከመክፈሉ በፊት የምንለው አለን፤ ቮልስ ላላችሁ ሁሉ ስለሚሆን እዚሁ ጻፍነው።

ቮልስ እኛ ሀገር ተራ መኪና አይደለችም። ንጉሠ ነገሥቱ እንኳ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ከሥልጣን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስ ነው። አሁን ደግሞ በጥር 2016 ዓ.ም ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንደማይገባ ከተነገረ ወዲህ፣ ያለችውን አሮጌ መኪና አሳምሮ መያዝ የግድ ሆኗል። የአባት መኪና ሲሆን ደግሞ ሞተሩን አበላሽቶ "ሌላ እገዛለሁ" አይባልም።

ወደ ሒሳቡ እንግባ። የፋብሪካው 1600 ትክክለኛ መጠኑ 1584 ሲሲ ነው። 87 ሚሊ ሜትር ሲገባ 1641 ይሆናል። ልዩነቱ 57 ሲሲ፣ ማለትም 4 በመቶ እንኳ አይሞላም። ለዚህ ሞተር ይወርዳል፣ ይፈታል፣ ብር ይፈስሳል።

አሁን ሌላውን ተመልከቱ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ናት። መልካ ወረር ወደ 740 ሜትር። ከላይ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተር በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየር ያንሳል። በአዋሽ ሸለቆ የ40 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ እንኳን፣ ሞተሩ አዲስ አበባ ከሚያገኘው 14 በመቶ ገደማ የበለጠ አየር ያገኛል። ገባችሁ አይደል? መኪናዋ ቁልቁል በመውረዷ ብቻ ከአዲሱ ፒስተን ከሦስት እጥፍ በላይ የሚሆን ትርፍ አግኝታለች። በነፃ!

ችግሩ፣ ትርፉ የሚገኘው ቤንዚኑ ከአየሩ ጋር አብሮ ሲጨምር ነው። ካርቡሬተር ኮምፒውተር የለውም፤ አየሩ መወፈሩን አያውቅም። ውስጡ ጅግለር የምትባል ቀዳዳ ያላት ትንሽ ብሎን አለች፤ ቤንዚኑን የምትመጥነው እሷ ናት። ላይዋ ላይ የተጻፈው ቁጥር የቀዳዳዋ ስፋት ነው፦ 125 ማለት 1.25 ሚሊ ሜትር። አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ አነስ ያለ ጅግለር የሚያስገባ መካኒክ ያጋጥማል፤ እዚያ ላይ ምንም ላይሆን ይችላል። እሷኑ ይዞ መልካ ወረር ሲወረድ ግን ድብልቁ 7 በመቶ ገደማ ቤንዚን ያንሰዋል። ቤንዚን ያነሰው ድብልቅ ደግሞ ሙቀት ያበዛል። ቮልስ በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ ሞተር ነው፣ ራዲያተር የለውም። ውጤቱ የተቃጠለ ቫልቭ ወይም የተበሳ ፒስተን ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ጅግለሯን ፈትታችሁ ቁጥሯን አንብቡ። 120 ሆና ከተገኘች 125 ማስገባት ይበቃል። ዋጋው ከፒስተን ጋር አይወዳደርም። በሽቦ ቆፍሬ ላስፋው የሚል ሰው ካገኛችሁ ካርቡሬተሩን ተቀበሉት፤ ቀዳዳዋ ቅርጿ ከተበላሸ ቁጥሩ ትርጉም የለውም። ከዚያ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ ካንዴላ ፍቱ። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፣ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ በዝቶበታል። የተቆላ ቡና ቀለም ከመሰለ ተውት፣ አትንኩት።

የእሳት ሰዓቱም እንዲሁ። ከፍታ ላይ እሳቱን ትንሽ ማስቀደም ይቻላል፤ ሲወረድ ግን ሞተሩ ዳገት ላይ ያንኳኳል። ድምፁ በቆርቆሮ ላይ ጠጠር እንደሚወርድ ነው። ከሰማችሁ ወዲያው ጋዙን ቀንሱና ሰዓቱን አስመልሱ። ለቫልቭ ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር፣ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ። አፋር ውስጥ "ቀዝቅዞ" ማለት ማለዳ ነው፤ ከሰዓት ፀሐይ ላይ የቆመ ሞተር ቀዝቅዟል አይባልም።

ፑንቲናውን አውጥቶ ኤሌክትሮኒክ እሳት ማስገባት ጥሩ ነው። ፈረስ ጉልበት አይጨምርም፣ ግን እሳቱ አይዛባም፣ ቶሎ ቶሎ ማስተካከልም ይቀራል። በተረፈ የፋብሪካውን ዲስትሪቢዩተር አትጣሉት፤ ቫኩም የሌለው ዓይነት ሲገጠም መኪናዋ ስትነሳ ትንሽ ታመነታለች።

የሚያናድደን ደግሞ ይኸ የሚያብረቀርቅ ትንሽ የአየር ማጣሪያ ነው። ፎቶ ላይ ያምራል። የድሮው ዘይት የሚጨመርበት ትልቁ ማጣሪያ ግን ለጥጥ እርሻ መንገድ አቧራ የተፈጠረ ነው የሚመስለው። አቧራው ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። እሱን አንስቶ ያንን ማድረግ ፒስተንና ሲሊንደርን በሞረድ እንደመሞረድ ነው።

አሁን ጠያቂያችን መጀመሪያ ብሩን ማዋል ያለበት ቦታ፦ ማቀዝቀዣው። የሞተሩን ክፍል ኮፈን ክፈቱና ዙሪያውን ያለውን ጎማና ቆርቆሮ ተመልከቱ። ብዙ ቮልሶች ላይ ጎማው አልቋል፣ ቆርቆሮውም አንዱ ጎኑ ጎድሏል። ያኔ ፋኑ ከሥር የወጣውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። ውጭ 40 ዲግሪ ከሆነ ሞተሩ የሚተነፍሰው ከዚያ በላይ ነው። በአሮጌዎቹ ሞተሮች ላይ ደግሞ የዘይት ማቀዝቀዣው የፋኑ ቤት ውስጥ ስለቆመ ሦስተኛው ሲሊንደር የሞቀ አየር ነው የሚደርሰው። ከእ.ኤ.አ 1971 ሞዴል ጀምሮ የ1600ው ማቀዝቀዣ ለብቻው የራሱ ቤት ተሠርቶለታል። ካገኛችሁ እሱን ግጠሙ። ማሞቂያውን የምታስወጡ ከሆነ ከፋኑ ቤት የሚወጡትን ሁለት ቱቦዎች መድፈን አትርሱ፣ አለበለዚያ የሞተሩ ንፋስ በዚያ ያመልጣል።

ዘይቷ 2.5 ሊትር ብቻ ናት፤ በአቧራና በሙቀት 5,000 ኪሎ ሜትር አትጠብቁ፣ እኛ ብንሆን በግማሹ እንቀይራለን።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላም 87ቱን ካማረው ይችላል፣ አይገድልም። 88 የሚሉት ግን ይቅርበት፤ የሲሊንደሩ ግድግዳ በጣም ይሳሳል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ፋኑንና ጄነሬተሩን የምታዞረው አንዷ ቺንጋ ናት። ከአዋሽ አርባ በኋላ ባዶ መንገድ ላይ ቀይ የቻርጅ መብራት ከበራ "ባትሪው ነው፣ ቤት ደርሼ አየዋለሁ" አትበሉ። ቺንጋዋ ተበጥሳ ከሆነ ንፋስም የለም። ወዲያው ቁሙና ሞተሩን አጥፉ። ትርፍ ቺንጋና አንድ የመፍቻ ቁልፍ ወንበር ሥር ካለ 15 ደቂቃ ነው የሚፈጀው።