ከግራካሱ እስከ አላጌ በብስክሌት

ውጭ አገር ያደገ ኢትዮጵያዊ ዓድዋን የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ እንደ አንድ ቀን ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ገና ሳይነጋ ተጀምሮ ቀኑ ሳይመሽ የለየለት ድል። በዓሉም እንደዚያው ይከበራል፤ ነጭ ይለበሳል፣ ባንዲራ ይያዛል፣ ይሸለላል፣ ይፎከራል። ደስ ይላል። ይሁንና ምኒልክ የክተት አዋጁን ያስነገሩት በመስከረም ነበር፤ ከአዲስ አበባ የተነሡት በጥቅምት፣ ውጊያው የሆነው በየካቲት። በመካከል ያሉት ወራት በመንገድ ያለቁ ናቸው። ወደ መቶ ሺህ የሚገመት ሠራዊት ዛሬ በአስፋልት 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን ርቀት በእግርና በበቅሎ፣ ስንቁን ተሸክሞ ሄደ። የሰሜኑ ጦርነቶች በአንድ ቀን ጀግንነት ብቻ አልተወሰኑም፤ ርቀት፣ ዳገት፣ ውኃና ስንቅ የጄኔራል ያህል ሥራ ሠርተዋል። ሐውልት እነዚህን አያሳይም። መኪናም አያሳይም፣ ዳገቱን የሚወጣው ሞተሩ ነውና። ስለዚህ ይህን ታሪክ ከሥሩ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው በሰሜኑ አውራ ጎዳና ላይ ከብስክሌት የተሻለ መጓጓዣ የለም የሚል አቋም አለኝ።

ከአላማጣ እስከ አምባ አላጌ ያለው፣ መቶ ኪሎ ሜትር የማይሞላው ቁራጭ ይህን ለማስረዳት ይበቃል። አላማጣ ቆላ ነው፤ ከከተማው እንደወጡ ግራካሱ ይጀምራል። በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ 1,000 ሜትር ሽቅብ ይወጣል። ቀላሉ ማርሽ ላይ የገባ ብስክሌተኛ እዚህ ከጠንካራ እግረኛ ብዙም አይቀድምም፤ ጭነት የያዘ አይሱዙ እያቃሰተ ሲያልፈው ጥግ ይይዛል፣ በየጠመዝማዛው ከአስፋልቱ በታች ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ የቆመውን የድጋፍ ግንብ ለማየት ጊዜ ያገኛል፣ ቁልቁል ሲመለከት የራያ ሜዳ ከእግሩ ሥር ተዘርግቷል። ከላይ የተቀመጠ ጥቂት ሰው ከታች የሚመጣን ብዙ ሰው እንዴት እንደሚያቆም ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። ኮረም ሲደርስ አየሩ ደጋ ነው፤ ትንሽ አለፍ ሲል አሸንጌ ሐይቅ ይታያል። መጋቢት 1928 ዓ.ም. ከማይጨው ባፈገፈገው ሠራዊት ላይ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ቦምብና የመርዝ ጋዝ ያወረዱበት እዚህ ነው። በሐይቁ ዳር ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው ያ ጦር ለምን እንደዚያ እንዳለቀ ለራሱ ያያል፤ ውኃ የጠማው ሰውና ከብት ወደ ሐይቁ መውረድ ነበረበት፣ የሐይቁ ዳርቻ ደግሞ ከሰማይ ለሚመጣ ጥቃት መጠለያ የሌለው ገላጣ ረባዳ ነው።

ማይጨው ላይም ነገሩ ያው ነው። መጋቢት 22 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው የመሩት ጦር፣ ክቡር ዘበኛው ጭምር፣ ያጠቃው ከታች ወደ ላይ ነበር፤ ኢጣሊያኖቹ የመኻንን መተላለፊያና ከፍታውን ይዘው ጠበቁት፣ ጥቃቱ ለቀናት መዘግየቱም ምሽጋቸውን እንዲያጠናክሩ ረዳቸው። ከዚያ ወደ ሰሜን አላጌ ይመጣል፣ የዚህ መንገድ ትልቁ ምስክር። ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. በራስ መኮንን የሚመራው ግንባር ቀደም ጦር የኢጣሊያውን የሻለቃ ቶዜሊን 2,000 ገደማ ወታደር እዚሁ ደመሰሰ። ግንቦት 1933 ዓ.ም. ደግሞ የኢጣሊያ ጦር አዛዥ የነበረው የአኦስታው መስፍን አሜዴዎ እዚሁ ተራራ ላይ ተከቦ እጁን ሰጠ፤ ከሰሜን የህንድ ወታደሮች፣ ከደቡብ በዚሁ መንገድ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል የመጡ ደቡብ አፍሪካውያን፣ ከጎናቸውም የራስ ሥዩም አርበኞች ነበሩ። አንድ ተራራ በ45 ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የጦር ዕጣ የወሰነው በአጋጣሚ አይደለም። ከደቡብ ወደ መቀሌ የሚሄድ ሠራዊት መውጫው እዚህ በር ላይ ይጠብበታል፤ ይህንንም በሳንባው የለካው ሰው ካርታ አይጠይቅም። ከኩሓ ወደ መቀሌ ሲወረድ የሚገኘው የእንዳ ኢየሱስ ኮረብታም፣ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለበት፣ ያው ትምህርት ነው፦ ጥር 1888 ዓ.ም. የኢጣሊያው ሻለቃ ጋሊያኖ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምንጩ ተይዞበት በጥማት ምሽጉን ለቀቀ።

ስንቅ ሲነሣ የመንገዱ ዳር ባላገር ይነሣል፣ እሱን ደግሞ የትኛውም ሐውልት አላነሣውም። ክፉ ቀን የሚባለው ረኃብ ካለፈ ገና ጥቂት ዓመታት ነበሩ፤ ከብቱ በበሽታ አልቋል፣ በሬ ያጣ ገበሬ መሬቱን በዶማ ቆፍሯል። መቶ ሺህ ሰው በዚያ አገር ሲያልፍ የበላው የዚያን ገበሬ እህል ነው። በየካቲት 1888 ሁለቱም ሠራዊት ስንቅ አልቆባቸው፣ ምኒልክ ሊመለሱ ሲያስቡ፣ የኢጣሊያው ጦር አዛዥ ባራቲዬሪም ከሮም በሚጎተጉተው መንግሥት ተገፍቶ ወጣ። በ1928 ደግሞ ሲያፈገፍግ የነበረውን የንጉሠ ነገሥቱን ጦር ከኋላ ከመቱት መካከል የራያና የአዘቦ ተዋጊዎች ይገኙበታል፤ ከመንግሥት ጋር የቆየ ቂም ነበራቸው፣ ኢጣሊያም አስታጥቃቸው ነበር። ይህን መናገር ድሉንም ሽንፈቱንም አያሳንስም። የቅርስ ትምህርት ለልጆቻችን የምንሰጠው ለማሞገስ ብቻ ከሆነ ግን አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላቸው ከሌላ ቦታ ያነቡትና እኛን መጠየቅ ይተዋሉ።

መንገዱን የሠራው ፋሺስት ነው፣ በወራሪ አስፋልት ላይ ብስክሌት እየነዱ የአርበኞችን ታሪክ መማር ምን ይሉታል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ቀላል ጥያቄ አይደለም። ኢጣሊያ ያንን መንገድ ያነጠፈችው ለመግዛት ነው። ግን መንገዱ ከአስፋልቱ ይቀድማል፤ የሰሜን ዘማችና ነጋዴ በእነዚሁ በሮች ሲያልፍ ኖሯል። ብስክሌቱስ? እሱም በቅኝ ገዥ እጅ ነው የገባው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1939 ኤርትራውያን ከኢጣሊያኖች ጋር እንዲወዳደሩ ሲፈቀድ ያሸነፈው ገብረማርያም ገብሩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ የኢትዮጵያ ብስክሌተኞች በቡድን ዘጠነኛ ሲወጡ ገረመው ደንቦባ ከመካከላቸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ዕቃው የማን እንደሆነ የሚወስነው የነዳው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ በመቃብር ላይ ስፖርት ነውር ነው ይላል። አውሮፓ ላይ ያላችሁ መልሱን በግማሽ በቅርባችሁ ታገኙታላችሁ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ በወራት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1919 የጸደይ ወራት፣ ገና ባልተጠገኑት የጦር ሜዳዎች መካከል የብስክሌት ውድድር ተካሂዷል። ዛሬም ለረጅም ጊዜ ጌንት–ቬቨልገም ሲባል የኖረው ውድድር በፍላንደርስ የጦር ሜዳዎች ያልፋል፤ ከ5,000 በላይ ፈረንሳውያን በጋራ የተቀበሩበትን የኬሜልበርግ ኮረብታ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 ያሸነፈው የአስመራው ልጅ ቢንያም ግርማይ ነው። ያ ሁሉ እንደ ንቀት አልተቆጠረም። ይሁን እንጂ ፍላንደርስ ላይ ሐዘኑ መቶ ዓመት አልፎታል፣ የሟቹም ስም በድንጋይ ላይ አለ። እኛ ዘንድ የማይጨው ሙታን አብዛኞቹ ስም ያለው መቃብር የላቸውም፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 በትግራይ፣ በአማራና በአፋር የተካሄደው ጦርነት በእነዚሁ መንገዶች ላይ አልፏል፣ ሐዘኑም ትኩስ ነው። እዚህ ላይ ተቃዋሚዎቹ ትክክል ናቸው፤ ስለ 1888 ጥያቄ ይጠየቃል፣ ስለ ትናንቱ ግን ባለቤቱ ራሱ ካላወራ አይነካም፣ ፎቶም አይነሣም። ከአስፋልት ወጥቶ ቀለህ መልቀምም ያልፈነዳ ነገር ስላለ አይሞከርም። መንገዱ ሰላም መሆኑ ካልተረጋገጠ ደግሞ ጉዞው ይቅር፤ ታሪኩ የትም አይሄድም።

ሙዚየም አይበቃም ወይ ለሚል፣ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ጥሩ መነሻ ነው፣ ልጆች ይዛችሁ ሂዱ። የኢጣሊያውን ጄኔራል የአልቤርቶኔን ስሕተት ግን እዚያ ውስጥ ማየት ያስቸግራል። ጄኔራሉ በተሳሳተ ንድፍ ላይ ኪዳነ ምሕረት የተባለውን ኮረብታ ፍለጋ ሌሊቱን ገሥግሦ ከቀሩት ብርጌዶች በጣም ርቆ ወጣ፣ ብቻውንም ተመታ። ዓድዋ ዙሪያ ባሉት፣ አንዱ ሌላውን በሚጋርደው ተራሮች መካከል በብስክሌት የሚዞር ሰው፣ በቀን ብርሃንም፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ደጋግሞ ይጠፋበታል፤ በጨለማ፣ በማያውቀው አገር የሚጓዝ ብርጌድ ምን እንደገጠመው የሚገባው ያኔ ነው። ሄዶ ማየት ለሚፈልግ፣ ለጉዞው የሚመቸው ወቅት ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው፦ ዝናቡ ቆሟል፣ ወንዙ ጎድሏል፣ እህሉ ደርሷል። ምኒልክም በጥቅምት የተነሡት፣ ኢጣሊያም መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን የተሻገረችው ይህንኑ አስልተው ነው።