ስለ አገው ፈረሰኞች መታሰቢያና ስለ ሽልማቱ

በአገው ምድር ፈረስ የሰልፍ ጌጥ ብቻ አይደለም። በደጋው ጭቃ ጭነት ይሸከማል፤ ሰውን ከገበያ ያደርሳል፤ በአንዳንድ ስፍራም እንደ በሬ ተጠምዶ ያርሳል። ከሰባት ቤት አገው አንዱ በሆነው በአዘናም ሆነ በባንጃና በአንከሻ፤ ለቅሶም ሠርግም ያለ ፈረሰኛ ሙሉ ሆኖ አይቈጠርም። ስለዚህ የሀገሩ ሰው አባቶቹን ለማሰብ በፈለገ ጊዜ ሐውልት አላቆመም፤ የፈረሰኞች ማኅበር አቆመ እንጂ።

ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓመተ ምሕረት ነው። ዘመኑን ማስተዋል ይገባል፤ ጠላት ገና ከሀገር አልወጣም ነበርና። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ የገቡት በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው። እንግዲህ በጠላት ዘመን የዐድዋን ፈረሶችና ፈረሰኞች ለማሰብ መሰብሰብ ቀላል ነገር አልነበረም። ወደ ዐድዋ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃም ጦር መዝመቱ የታወቀ ነው፤ ድሉም የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ነበር። ማኅበሩም ዓመታዊ በዓሉን የሚያከብረው በዚሁ በሰማዕቱ ዕለት፤ ጥር 23 ቀን ነው። ወሩም ለገበሬ የተመቸ ነው፤ እህል ከአውድማ ገብቷል፤ መንገዱም ደርቋል።

በዚያ ቀን ፈረሰኞች ከየወረዳው ወደ እንጅባራ ይወርዳሉ። ሽርጥ፣ ጉግስና ሶምሶማ ይታያል፤ የበለጡትም ይሸለማሉ። ተመልካች የሚያየው ይህን ነው። የማይታየው ግን በየቀበሌው ያለው የማኅበሩ መሪ ነው። አባላቱን የሚሰበስብ፣ የተጣሉትን የሚያስታርቅ፣ ሐዘን በደረሰበት ቤት ፈረሰኛውን አሰልፎ የሚያቀርብ እርሱ ነው። ሹም የሆነ ሰው ይህን ቢያስተውል ይጠቀማል፤ ባላጋራዎች ፍርድ ቤት ሳይደርሱ የሚታረቁት ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለው ሰው ፊት ነውና።

አሁን የሚያሳስበው ነገር ግጦሹ ነው። በአዊ ምድር፤ ይልቁንም በፋግታ ለኮማ፤ ከሰል የሚከሰልበት ከውጭ የመጣ የግራር ዓይነት እጅግ ተስፋፍቷል። ገበሬውን በዚህ መውቀስ አይገባም፤ መሬቱ ኮምጥጦ እህል ሲነሣው ዛፉ ገንዘብ ሰጥቶታል። በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ ጋር ጤፍ ይዘራል፤ ቀጥሎ በዛፎቹ መካከል የበቀለውን ሣር ያጭዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ቈርጦ ያከስላል። ነገር ግን ዛፉ ሲጠልል ሣሩ ይጠፋል፤ ቀድሞ ፈረስ የተሰማራበት መስክም በዛፍ ከተያዘ ቶሎ አይመለስም። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ተክሉን በሽታ መታው፤ በዚህም መስኩንም ዛፉንም ያጣ ሰው አለ።

ሣር በሌለበት ፈረስ አይኖርም፤ ፈረስ በሌለበትም በጥር 23 የሚሸለም አይገኝም። ስለዚህ የወረዳ ሹማምትና ባለ መሬቶች ለአሸናፊው ጋላቢ ከሚሰጠው ሽልማት ሌላ፤ በዐድዋ ፈረሰኞች ስም የተሰየመ ሁለተኛ ሽልማት ቢያቆሙ መልካም ነው። ይህም የቀበሌውን የወል መስክ ከእርሻና ከዛፍ ጠብቆ ላቆየ፣ አባላቱም ፈረሳቸውን ሳይጐዱ እንዲይዙ ላደረገ የማኅበር መሪ የሚሰጥ ይሁን። ሽልማቱ ትልቅ ገንዘብ መሆን የለበትም፤ ያማረ ኮርቻ ወይም ካባ ይበቃል፤ በሕዝብ ፊት መሰጠቱ ግን የግድ ነው።

ምርመራው በበዓሉ ሰሞን አይሁን። በጥር ፈረስ ሁሉ ቃርሚያ በልቶ ወፍሮ ይታያል፤ የጀርባውም ቁስል በጌጡ ይሸፈናል። መርማሪው ገለባ ባለቀበት በግንቦት ይሂድ፤ ኮርቻውን አስወርዶ ጀርባውን ይይ፤ ኮቴውን አንሥቶ ይመልከት፤ ከዚያም መስኩ የት እንደ ሆነ መሪውን ይጠይቀው።